አልሰጥህም

ሮሐ የከንፈሩን ነገር ያስተዋለችው ፊልሙን ማጽዳት ከጀመረች ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ሥራዋ ያረጀ ፊልም ማደስ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከአንድ የሀገር ልብስ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከተጣለ ፕሮጀክተርና ከፎቶ ካሜራ ራሷ የገጣጠመችው ማሽን አላት። ማሽኑ ፊልሙን ቀስ እያለ ይስባል፤ አንዲት ምስል ያነሳል፣ ወደ ኮምፒውተር ይከታል፣ ደግሞ ይስባል። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ዓይንና እጅ ነው። አቧራውን፣ ጭረቱን፣ ሻጋታውን ከእያንዳንዷ ምስል ላይ ትለቅማለች። እንጀራዋ የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ልቧ ግን እዚህ ነው።

ያን ዓመት የያዘችው ፊልም «የቅጠል መንገድ» ይባላል። በ1963 ዓ.ም. እዚያው ጉለሌና እንጦጦ ላይ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አዘጋጁ አቶ መዝገቡ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ዘርዓብሩክ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት አለው፤ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ካለ ዕቃ ቤት የዛጉ የፊልም ቆርቆሮዎችን በመኪና ጭኖ አመጣላትና አንድ በአንድ እያወረደ፣ «በይ እንግዲህ፣ ከአባቴ የቀረኝ ይሄ ነው» አላት።

ቆርቆሮዎቹ ሲከፈቱ ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ሮሐ ሽታውን ታውቀዋለች፤ ፊልም መሞት ሲጀምር እንዲህ ነው የሚሸተው። አንደኛው ጥቅል እንደ ረጠበ ሳሙና እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለነበር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያላቀቀች ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

ዘርዓብሩክ ከአንድ ትልቅ የፊልም አከፋፋይ ድርጅት ጋር ተዋውሏል። ፊልሙ ለእንቁጣጣሽ በዲቪዲ ሊወጣ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። አንድ የደን ጠባቂ መንገድ ላይ እየቆመ ሸክማቸውን ይቀማቸዋል። በፊልሙ መሐል ላይ አንዲት ወጣት ከነሸክሟ ፊቱ ትቆማለች። እዚያ ጋ የሚሰማው ድምፅ ለስላሳ፣ ጥርት ያለ፣ ራዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ሰው ዓይነት ነው፤ «ይማሩኝ ጌታዬ» ይላል፤ ወዲያው ምስሉ ወደ ጠባቂው ፊት ይዞራል።

ሮሐ ያቺን ቦታ ስታጸዳ አንዲት ጭረት በልጅቷ አፍ ላይ ወርዳ ነበር። ጭረቷን ለማጥፋት ከንፈሯን ከምስል ወደ ምስል መከተል ነበረባት። ተከተለች። ቆም አለች። ወደ ኋላ መልሳ አየችው። ከዚያ የድምፅ ባለሙያውን ኪሩን ጠራችው። ኪሩ የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ሳያወልቅ መጣ።

«እስቲ አፏን እይልኝ። ‹ይማሩኝ› ስትል ‹ማ› ላይ ከንፈር መግጠም የለበትም?»

«አለበት።»

«አልገጠመም። ክፍት ነው። የሚገጥመው እዚህ ነው፣ መጨረሻ ላይ።»

ኪሩ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አየ። «ሌላ ነገር ነው ያለችው» አለ። «ድምፁ በኋላ በስቱዲዮ ተነቦ የለበሰ ነው። ያኔ ሁሉም እንደዛ ነበር የሚሠሩት እኮ።»

«ድምፅ ማልበሱን አውቃለሁ። ይሄ ግን ቃሉም ሌላ ነው።»

የልጅቷ ስም በፊልሙ መክፈቻ ላይ የለም። ድምፁን ያለበሰችው አንባቢ ስም አለ፣ የጠባቂው ስም አለ፤ የእሷ ግን «እና የሠፈሩ ሴቶች» ከሚለው ውስጥ ነው። ሮሐ ዘርዓብሩክን በስልክ ጠየቀችው። «አንዲት የሠፈር ልጅ ናት ይባላል፤ አላውቃትም» አላት። በማግስቱ ምስሏን በወረቀት አትማ ታች ላለው ባለመደብር አሳየችው። ሰውየው ገና ሲያየው ሳቀ።

«እማማ ታየች ናቸዋ! ፈትል የሚሸጡት። እዚህ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

*

እማማ ታየች ስልሳውን አልፈዋል። ደረጃውን የወጡት ማንም ሳይደግፋቸው ነው። አባታቸው ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉና ፈትል ሲሸጡ ነው የኖሩት። ሮሐ ወንበር ሰጠቻቸው። ኪሩ መጋረጃውን ሳብ አደረገ። ፊልሙ ተጀመረ።

ቅጠል ተሸካሚዎቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲሉ አንገታቸውን አስግገው የሚያውቋቸውን ሴቶች እየፈለጉ ስማቸውን በለሆሳስ ጠሩ። ጠባቂው ሲመጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይማሩኝ ጌታዬ» የሚለው ሲሰማ እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚልኝ።»

ሮሐ አቆመችው።

«ጥሩ አድርገሽ አጥበሽዋል፣ ልጄ። ያኔም እንዲህ ጠርቶ አልታየም። ግን ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ።»

«ፊቷን አይደለም የምልሽ። የምታወራዋን ነው።»

ከዚያ ነገሯት። አባታቸው ዓይናቸው ሲደክም እናታቸው እንጦጦ እየወጡ ቅጠል ይለቅሙ ነበር፤ ጠባቂዎቹም በእውነት ይቀሟቸው ነበር። አቶ መዝገቡ ካሜራ ይዘው ሲመጡ ታየች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «ጠባቂው ፊት ቆመሽ ‹ይማሩኝ ጌታዬ› በይ» አሏት። ካሜራው ሲጀምር ግን ጠባቂ ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ ሸክሟን የምሩን ይዞ ጎተተው። እሷም «አልሰጥህም!» አለች።

«ሳላስበው ነው የወጣኝ። አንተ ብዬ፣ ዓይኑን እያየሁ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አልተቆጣኝም። ፊልሙ ፒያሳ ሲታይ አዲስ ልብስ ለብሼ፣ እናቴንና ጎረቤቱን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ጨለማው ውስጥ ዞር ብላ ‹ምነው ድምፅሽ ጠፋ?› አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? የማላውቃት ሴት በአፌ ትለምናለች።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«ሳያልቅ ወጣሁ። ጠዋት ቤቱ ሄጄ መዝገቡን ጠየቅኩት። ‹ያንቺ አማርኛ ለሕዝብ አይሆንም› አለኝ። ‹እኔስ ሕዝብ አይደለሁም ወይ?› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤት ረግጬ አላውቅም።»

ሮሐ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። የሥራዋ ሕግ አንድ ነው፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም፤ ፊልሙ በወጣበት ቀን እንደነበረው አድርጋ ትመልሰዋለች። በዚህ ሕግ ከብዙ ሰው ተጣልታለች።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። የእኔ ሥራ የነበረውን መመለስ ነው። ሰው ያየው ፊልም ደግሞ ይሄ ነው።»

እማማ ታየች ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«የነበረውማ እኔ ያልኩት ነበር» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

*

ይቺ ቃል ሮሐን እንቅልፍ ነሳቻት። በሳምንቱ መጨረሻ ዘርዓብሩክ ቤት ሄዳ ሌላ የቀረ ዕቃ እንዳለ ጠየቀችው። አብረው ዕቃ ቤቱን በረበሩ። ከተሰበረ የልጆች አልጋ ሥር ጠፍጣፋ የካርቶን ሣጥን አገኙ። ውስጡ ፊልም ሳይሆን የድምፅ ቴፕ ጥቅሎች ነበሩ፤ ሲቀረጽ በቦታው የተያዘ ድምፅ። ዘርዓብሩክ ደስ ብሎት ሣጥኑን ራሱ ተሸክሞ እስከ ሽሮ ሜዳ መጣ።

ኪሩ ከአንድ ጡረታ ከወጣ የራዲዮ ባለሙያ ትልቅ የቴፕ ማጫወቻ ተውሶ ነበር። ቴፑን በጥንቃቄ አጠለቀው። በመጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፤ ቀጥሎ የደረቀ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ ውሻ ሲጮህ። ከዚያ የወንድ ድምፅ «ጀምሩ» አለ።

«አባቴ ነው!» አለ ዘርዓብሩክ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። የአባቱን ድምፅ ከሞቱ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

የጠባቂው ዛቻ መጣ። ሸክም የሚጎተትበት ድምፅ ተከተለ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ወጣ፤ ሻካራ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚጠብቀውን እያላላ የሚላላውን እያጠበቀ።

«አልሰጥህም! እናቴ ወገቧ እስኪቆረጥ የተሸከመችውን ለማንም አልሰጥም!»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አቶ መዝገቡ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቁም» አሉ። አንድ ሰው «ይደገም፣ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ። «አይደገምም። ተዉት። እንዳለችው ይሁን» አሉ።

ዘርዓብሩክ በመጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ።

«‹እንዳለችው ይሁን› ካለ ታዲያ ለምን ቀየረው?»

«ፈርተው ይሆናል» አለች ሮሐ። «ጊዜው እንዲህ ያለ ነገር የሚፈቀድበት አልነበረም። ልጅቷን ‹ያንቺ አማርኛ ለሕዝብ አይሆንም› ብለዋታል፤ እሱም ሰበብ ይመስለኛል። ወይም ሁለቱም።»

ዘርዓብሩክ ተነስቶ ቴፑን ከማጫወቻው ላይ አወጣና ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። «ይሄ አይወጣም።»

«ጋሽ ዘርዓብሩክ...»

«ስሚኝ። አባቴ በዚህ ከተማ የተከበረ ሰው ነው። ይሄን ብታወጪው የአንዲት ደሃ ልጅ አፍ የዘጋ ፈሪ ነው የምታደርጊው። እኔ ልጁ ነኝ። በእጄ አላዋርደውም።»

ሮሐ ልትዋሸው ትችል ነበር። አልዋሸችውም። «ኪሩ ሲያጫውተው እየቀዳው ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። ያለ ፈቃድዎ አላወጣውም። አጥፊው ካሉኝ ግን አላጠፋም። ፊልሙን የማደስ ውላችንን ማፍረስ ከፈለጉ ያፍርሱት።»

ዘርዓብሩክ ለአፍታ አፍጥጦ አያትና ሣጥኑን አቅፎ ወጣ።

*

አከፋፋዩ ድርጅት ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት ስብሰባ ጠራ። የገበያ ክፍሉ ኃላፊ አክሊል የሚባል፣ አንደበቱ የቀና፣ ሰው ስም የማይረሳ ወጣት ነው። ሮሐ ወደ ስብሰባው እማማ ታየችን ይዛ ሄደች። ለማንም አላስታወቀችም። እሳቸው ጥግ ላይ ካለች ወንበር ላይ ተቀመጡ። አክሊል የአንዳቸው እናት መስለውት እጅ ነሳና ወደ ሥራው ገባ። ዘርዓብሩክም ማንነታቸውን አላወቀም።

አክሊል ላፕቶፑን አዞረላቸው። የፊልሙን አንድ ቁራጭ በቀለም አስቀብቶታል። እንጦጦ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መስሏል። የሴቶቹ ፊት ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሆኗል።

«እንዴት ነው? ሕያው ሆነ አይደል?»

«ይሄ ጉም የት ሄደ?» አለች ሮሐ።

«ጉሙን አነሳነው። ምስሉን ያደበዝዛል።»

«ሰውየው ጉም እስኪመጣ ነው ጠብቀው ያነሱት። ቀለም አይቀባም፣ አክሊል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የተሠራው። ሌላ ፊልም ከፈለጋችሁ ሌላ ፊልም ሥሩ።»

«ሮሐ፣ በቃ እውነቱን እናውራ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰው አይገዛም። ሲዲ ቤት የሚመጣው ሰው ሽፋኑን አይቶ ነው የሚያነሳው።»

«አይግዛው። እኔ ያዳንኩትን አልቀብርም።»

አክሊል ሳቅ አለና ወደ ሌላው ነገር ዞረ። «ደግሞ ከድምፅ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ነግረውኛል። የልጅቷ ድምፅ ተገኘ የሚባለው። እ... ማለቴ፣ እሱንማ አንነካካው። ሰዉ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ በሳቅ ነው የሚፈርሰው።» ከዚያ ትከሻውን ሰበር፣ አፉን ጠመም አድርጎ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን አነጋገር እያስመሰለ፣ «አልሰጥህም!» አለ። አጠገቡ የነበሩት የድርጅቱ ሰዎች ሳቁ።

እማማ ታየች ከጥግ ሆነው፣ «እስቲ ድገማት» አሉ።

አክሊል ዞረ። «ምን አሉኝ፣ እማማ?»

«ድገማት። አልቻልክባትም። የኔን አፍ ካጣመምክ አይቀር በደንብ አጣመው።»

ሳቁ ቆመ። ዘርዓብሩክ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ ላይ ደሙ ሲመጣ ታየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አክሊል። «እርስዎን ማለቴ አልነበረም።»

«እኔን ካልሆነ ማንን ነው? ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ይሄ ድምፅ ከእናቴ ነው የመጣው፤ እናቴ በዚህ ድምፅ ነው ያሳደገችኝ። ገበያ የምወጣበት፣ ቤተ ክርስቲያን የምጸልይበት ነው። እግዜር ሲሰማኝ አይስቅም።»

አክሊል መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። «ገብቶኛል፣ እማማ። እንዲህ እናድርግ፤ ፎቶዎን ሽፋኑ ላይ ትልቅ አድርገን እናወጣዋለን። ስምዎንም ከላይ። ድምፁ እንደነበረ ይቀመጥ።»

«ፊቴንማ ያኔም ወስዳችሁታል» አሉ እማማ ታየች። «ፊቴን አልጠየቅኩም። ድምፄን ካላወጣችሁ ፊቴንም መልሱልኝ። ከፊልሙ ውስጥ አውጡኝና ጠባቂው ከዛፉ ጋር ይከራከር።»

ኪሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። አክሊል ድምፁ ተለወጠ። «ውል አለን። እኛ ካላከፋፈልነው ደግሞ የትኛውም ሲዲ ቤት አይቀበላችሁም። ይሄን እወቁት።»

«አውቀናል» አለች ሮሐና ቦርሳዋን አነሳች።

*

ደጅ ላይ ዘርዓብሩክ ደረሰባቸው። ከእማማ ታየች ጎን ጎን ሄደ። የታክሲ ረዳቶች «ጳውሎስ፣ ጳውሎስ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«አባቴ ፈሪ አልነበረም፣ እማማ» አለ በመጨረሻ።

«ፈሪማ ነበር። ያኔ ያልፈራ ማን አለ? እኔስ ሳላስበው አመለጠኝ እንጂ አስቤ መቼ ተናገርኩት?» ቆም አሉ። «ግን ልጆቹ ነግረውኛል፤ ቴፑ ላይ ‹ተዉት፣ እንዳለችው ይሁን› ብሏል። እኔ ያን አልሰማሁም ነበር። ጠባቂው ሸክሜን ይዞ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ ከየት ልሰማ? ይሄን ሁሉ ዓመት ከመጀመሪያው የናቀኝ መስሎኝ ስረግመው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደፍሮ ነበር ለካ። የኔን ድምፅ ስትቀብር የአባትህን ድፍረት ነው አብረህ የምትቀብረው። ያን የሚመሰክርለት ሌላ ነገር የለህም።»

ዘርዓብሩክ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ታክሲ አስቆሞ አሳፈራቸውና በእግሩ ሄደ።

በማግስቱ ሮሐ ክፍሏን ስትከፍት ሣጥኑን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ከድርጅቱ ጋር ያለኝን ውል አፍርሻለሁ» አላት። «ይከሱኝ። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ ‹ተዉት› የሚለው የአባቴ ቃል እንዳለ ይግባ። ከፊልሙ በኋላ ይሁን፣ ከፊቱ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

*

ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሮሐ ሕጓን አልጣለችም፤ ሰፋ አደረገችው። ዲስኩ ላይ ሁለት ድምፅ ይኖራል። የሚያየው ሰው በሪሞት ይመርጣል፤ ወይ ሲኒማ ቤት የተሰማውን፣ ወይ ዳገቱ ላይ የተነገረውን።

«የትኛው ይቅደም?» አለች ሮሐ።

«የኔ» አሉ እማማ ታየች ሳያመነቱ። «ያቺኛዋን ግን እንዳታጠፏት። የሰጧትን ነው ያነበበችው፤ እሷም የሰው ልጅ ናት። ስሟም ይቆይ።»

ቴፑ ሁሉንም አልያዘም። በፊልሙ ልጅቷ ከእናቷ ጋር የምትነጋገርበት አንድ ቦታ ላይ ያለው ጥቅል ተበልቶ ጠፍቷል። ኪሩ አንድ ሐሳብ አመጣ። «እማማ፣ አሁን ማይክሮፎን ፊት ቆመው ይበሉት። እኔ ድምፁን የወጣት አስመስለዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ማንም አያውቅም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ። የሌላ ሰው ድምፅ አለበሱኝ ብዬ ስጮህ ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ እኔው ለራሴ ላለብስ ነው? ባዶውን ተዉት። የጠፋ ነገር እንዳለ ሰው ይወቅ።»

ባዶውን ተዉት። እዚያ ጋ የሁለቱ ሴቶች ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ቃላቸው እማማ ታየች እንዳስታወሱት ከታች በጽሑፍ ይወጣል። ሮሐ ለመክፈቻው አዲስ ነገር አልሠራችም፤ የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ትታ ከፊቱ አንድ ሰሌዳ ጨመረች። ሰሌዳው ላይ «ታየች» የሚል ስም አለ፤ ከሥሩ የተለወጠው ድምፅ ታሪክ በአጭሩ ተጽፏል።

አክሊል የዛተው ደረሰ። ፒያሳና መገናኛ ያሉ ሲዲ ቤቶች ዲስኩን አገላብጠው አይተው መለሱት። አንዱ በግልጽ፣ «ከእነሱ ጋር መጣላት አልችልም» አለ። ሮሐ ሁለት ካርቶን ዲስክ ይዛ ተመለሰችና ታች ያለው ባለመደብር ፊት ቁጭ አለች። ሰውየው አንዱን ካርቶን ከፈተ፤ ዲስኮቹን በጥልፍ ቀሚሶቹ መሐል ደረደራቸው። «ምን ያስለቅስሻል? እኔ እሸጠዋለሁ» አላት። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ነጋዴዎችም መጥተው እየወሰዱ ነበር።

የሠፈሩ እድር ሊቀመንበር አቶ በዳሳም የእድሩን አዳራሽ ለእሑድ ከሰዓት ፈቀዱ። ሸማኔዎቹ መስኮቶቹን በቡሉኮ ጋረዷቸው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። እማማ ታየች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አልሰጥህም!» የሚለው ሲሰማ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የለመዱት የሠፈር አነጋገር ከስክሪን ሲወጣ የሚመጣ ሳቅ ነው። እማማ ታየች ግን ተነሱ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ስለቆሙ የወጣትነታቸው ፊት ግማሹ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

«የሳቅከው ማን ነህ? ሳቅ፣ ግድ የለም። ግን እየሳቅክ ስማ! አባትህስ በምን አፍ ነው ያሳደገህ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «በእርስዎ፣ እማማ!» ብሎ ጮኸና ራሱም አጨበጨበ። ሮሐ ያቺን ቦታ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ማጫወት ነበረባት፤ ሕዝቡ አላስቀጥል አላት። በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ካለፈ በኋላ፣ በጨለማ ስክሪን ላይ የአቶ መዝገቡ «ተዉት። እንዳለችው ይሁን» ተሰማ። ዘርዓብሩክ በሩ አጠገብ ቆሞ በመሐረብ ፊቱን ሲጠርግ አቶ በዳሳ ትከሻውን ያዙት።

*

ብዙም ሳይቆይ ዘርዓብሩክ እየተንጨረጨረ እማማ ታየች ቤት መጣ። ሮሐም እዚያው ነበረች። በእጁ የፌስታል ሽፋን ያለው ዲስክ ይዟል።

«ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጡታል! ገልብጠውታል። ተመልከቱት፣ ፎቶው ደብዝዟል፣ ርዕሱን እንኳን ‹የቅጣል መንገድ› ብለው ነው የጻፉት። ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው።»

እማማ ታየች ዲስኩን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ያዙት። «የየትኛዋን ድምፅ ነው የያዘው?»

ዘርዓብሩክ ይሄን አላሰበም ነበር። ሮሐ ዲስኩን ተቀብላ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። የገለበጡት ሰዎች ለቦታ ብለው ይሁን ለሌላ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የወሰዱት። ምርጫ የለውም፤ ሲዲው ገብቶ ብቻውን ይጀምራል። ሮሐ ጠባቂው ወደሚመጣበት ቦታ አሳለፈችው።

«አልሰጥህም!» አለ ሻካራው ድምፅ።

እማማ ታየች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይስረቁት! ይሄን ነው የሰረቁት? ይዘውት ይሩጡ!»

«እማማ፣ ሌብነት እኮ ነው» አለ ዘርዓብሩክ፤ ግን ቁጣው መንገድ ስቷል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ነው። ለፖሊስም ንገር፣ መብትህ ነው። እኔ ግን የማላውቀው ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ድምፄን ይሸጣል፤ የማላውቀው ሰው ደግሞ ይዞት ቤቱ ይገባል። ‹ለሕዝብ አይሆንም› ያሉኝን ጥራልኝና ይዩ።»

ሪሞቱን ከሮሐ እጅ ወሰዱ። ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ ደግሞ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ተነስተው ወደ መንገዱ የሚያየውን በር ወለል አድርገው ከፈቱትና ፊልሙን ለማየት ተመልሰው ተቀመጡ።